ያ ረጅም «ጎል» እንዴት እንደሚሠራ

ወዳጆቼ፣ ይህን ነገር ለብቻዬ ይዤው ማደር አቃተኝ። ኳስ የምትወዱም፣ ኳስ ሲጀመር ጣቢያ የምትቀይሩም እኩል ስሙኝ፤ ጉዳዩ ከኳሱ ይልቅ ስለ ሰው ድምፅ ነው። በስፓኒሽ ጨዋታ የሚያስተላልፉ ጋዜጠኞች ኳሷ መረብ ስትነካ «ጎ-ኦ-ኦ-ኦ-ኦ-ል» እያሉ ሲጎትቱት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አሁን አለቀ ሲባል የማያልቀው፣ የሰሚውን ትንፋሽ የሚያሳጥረው ጩኸት! ብዙ ሰው የደስታ ብዛት ነው ብሎ ያልፈዋል። የአንድ ሰው ሕይወት ስከታተል ግን ነገሩ ፍንትው ብሎ ገባኝ፤ ያ ጩኸት ማድመቂያ አይደለም፤ እያንዳንዷ ሴኮንድ ሥራ አላት! ቀስ ብለን ደረጃ በደረጃ እንሂድ፤ መጨረሻ ላይ ሁላችሁም እንደሚገባችሁ ቃል እገባለሁ።

ሰውየው አንድሬስ ካንቶር ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) የተወለደው ዲሴምበር 22 ቀን 1962 በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ወደ አሜሪካ መጣ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብላ በምትገኝ ሳን ማሪኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን። ከዚያ እዚያው ሎስ አንጀለስ ባለው ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ተማረ። የጀመረውም በብዕር ነው፤ አሜሪካ ሆኖ ለአርጀንቲና መጽሔቶች ይጽፍ ነበር። በ1987 ዩኒቪዥን የተባለው የስፓኒሽ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቀጠረው፤ የ1990ውን የዓለም ዋንጫም ለዚያ ጣቢያ አስተላለፈ።

እስቲ ያን ጊዜ የነበረውን ሁኔታ አስቡት። ይህ ወጣት እግር ኳስን ለሙያው የመረጠው የት አገር ነው? አንደኛ ደረጃ የሚባለው የእግር ኳስ ሊጉ የመጨረሻ ውድድሩን በ1984 አካሂዶ የፈረሰበት፣ ቀጣዩ ሜጀር ሊግ ሶከር እስከ 1996 ድረስ ያልተጀመረበት አገር! በመካከሉ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ባዶ ነው። የአገሬው ሰው ልቡ ቤዝቦልና ቅርጫት ኳስ ላይ ነው፤ እግር ኳስ የስደተኛ ጨዋታ ነው የሚባለው። ካንቶር እዚያ ሆኖ የአስተላለፍ ዘይቤውን ለአዲሱ አገር ብሎ አልቀየረውም። የሙያ አባቶቹ ራዲዮ ላይ የሠሩትን፣ ከልጅነቱ ጆሮው የለመደውን ይዞ ቀጠለ። ያ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ቴሌቪዥን ወዳልነበረበት ዘመን መሄድ አለብን።

ጁላይ 1931፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል። ኒኮላው ቱማ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራዲዮ ሊያስተላልፍ ነው። በዚያ አገር ከእርሱ በፊት እንዲህ ያደረገ ሰው አልነበረም፤ እንዴት እንደሚደረግ የሚነግረውም የለም። የተጫዋቾቹ ማልያ ላይ ቁጥር እንኳ የለም! ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከጨዋታው በፊት መልበሻ ክፍል ገብቶ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ይህ ቁመቱ እንዲህ፣ ያኛው ፀጉሩ እንዲያ እያለ መልካቸውን በቃሉ ያዘ። አድማጮቹንም በአእምሯችሁ አራት ማዕዘን ሜዳ ሳሉ አላቸው። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት የለም፤ ራዲዮ ላይ ዝምታ ማለት ጨለማ ነውና። በንግግሩ ፍጥነት የተነሣ «መትረየስ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

አሁን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ራዲዮ ላይ ጨዋታ ለሚያስተላልፍ ሰው ከዘጠናው ደቂቃ ሁሉ ከባዷ ቅጽበት የትኛዋ ናት? ጎሏ ናት! ለምን? ጎል ሲገባ ስታዲየሙ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ማይክሮፎኑ ደግሞ የጋዜጠኛውን ድምፅና የሕዝቡን ጩኸት ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ይውጣል። «ጎል» የምትለው ቃል በተራ አነጋገር ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አትሞላም። ቤቱ ሆኖ ጆሮውን ራዲዮኑ ላይ የለጠፈው አድማጭ ከሁሉ አብልጦ ማወቅ በሚፈልግባት ቅጽበት የሚሰማው ሁካታ ብቻ ይሆናል። ገባች? ሳተች? በረኛው አዳናት? ማን ያውቃል!

ብራዚላውያኑ ለዚህ ችግር የፈጠሩት መላ ደስ ይላል። አሪ ባሮሶ የሚባል ታላቅ የዜማ ደራሲ ነበር፤ «አኳሬላ ዶ ብራዚል» የተባለውን በዓለም የታወቀ ዘፈን የደረሰው እርሱ ነው። ይህ ሰው የእግር ኳስ ጨዋታም ያስተላልፍ ነበር። ድምፁ በሕዝቡ ጩኸት እንዳይዋጥ ጎል ሲገባ ምን ያደርጋል? በአፍ የሚነፋ ትንሽ ሃርሞኒካ አውጥቶ ይነፋል! ሃርሞኒካዋ ከጮኸች ጎል ነው ማለት ነው፤ አድማጩም ለመደው። በ1940ዎቹ ደግሞ ሬቤሎ ጁኒየር የተባለው የሳኦ ፓውሎ ጋዜጠኛ ያለ ሃርሞኒካ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በገዛ ጉሮሮው ብቻ መፍትሔ አመጣ። ቃሉን ጎተተው። «ጎ-ኦ-ኦ-ኦ-ል!» ዘዴው ከብራዚል ወጥቶ መላውን ደቡብ አሜሪካ አዳረሰ።

እኔ «አሃ!» ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሰዎች የሠሩት ሥራ አንድ ነው። የሕዝብ ጩኸት ብዙ ድምፅ ተደበላልቆ የሚሰጠው ሁካታ ነው፤ በውስጡ አንድ ወጥ፣ የማይቋረጥ ቃና ከመጣ ጆሮ ወዲያው ለይቶ ያወጣዋል። ሃርሞኒካዋ ወጥ ቃና ናት፤ የተጎተተችውም «ኦ» ወጥ ቃና ናት። ስለዚህ ያ ረጅም ጎል የመጀመሪያ ሥራው ሁካታን መሻገር ነው።

ሁለተኛው ሥራውስ? ይኼኛው ይበልጣል! አፉ «ኦ-ኦ-ኦ» እያለ ሳለ የጋዜጠኛው ዓይን ነፃ ነው። በዚያ ዘመን ተደግሞ የሚታይ ምስል የለም። በግርግር መካከል ኳሷን መጨረሻ የነካት ማን ነው? የመስመር ዳኛው ባንዲራ አንሥቷል? ወደ ማን ነው ጓደኞቹ የሚሮጡት? አፍ ቃሉን ይዞ ጊዜ ይገዛል፤ ዓይንና አእምሮ መረጃውን ይሰበስባሉ። ቃናው ሲያልቅ ስሙ ዝግጁ ነው፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳቀበለው፣ ውጤቱ ስንት እንደሆነ ተከታትሎ ይወርዳል። ሦስተኛው ሥራ ለእኛ ለአድማጮች ነው፤ ጓዳ ውስጥ ያለው ሰው ሥራውን ጥሎ ሮጦ ይደርሳል፣ ደጅ የቆመው ዘው ብሎ ይገባል። ሁሉም ሰው ተሰብስቦ ስሙን አብሮ ይሰማል። አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ስትሠራ!

እሺ፣ ለምን እንደሆነ ገባን። ሰው እንዴት ነው ይህን ያህል ሳይተነፍስ የሚጮኸው? አንድ የተነፋ ፊኛ ያዙ። አፉን ለቀቅ ብታደርጉት በአንዴ «ፉስስ» ብሎ ያልቃል። የፊኛውን አንገት በሁለት ጣት ጨበጥ አድርጋችሁ ወደ ጎን ብትለጥጡት ግን ያው አየር በቀጭኑ እየወጣ ረጅም ጊዜ ያፏጫል። የበዛ አየር የለም፤ የተለወጠው በሩ ነው። የካንቶር ምሥጢር ይኸው ነው!

ፊኛው ሳንባ ነው። እንደ ልባችን ተቀምጠን ስንተነፍስ በአንድ ጊዜ የምናስገባው ግማሽ ሊትር ገደማ አየር ነው፤ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ግን ደረቱን ሞልቶ ከሳበ አራት፣ አምስት ሊትር ያህል ማውጣት ይችላል። አያችሁ? ሁላችንም ዘወትር የማንነካው ትልቅ ጎተራ አለን። አንገቱ ደግሞ ጉሮሯችን ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ የድምፅ አውታሮች ናቸው፤ የአዋቂ ወንድ አውታር ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በተራ ንግግር ጊዜ በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ እየተጋጩ ይርገበገባሉ፤ ድምፅ ከፍ ሲል ቁጥሩ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። አጥብቀው ከገጠሙ በእያንዳንዱ ግጭት የሚያመልጠው አየር ጥቂት ነው፤ ድምፁ ግን ጠንካራ ነው።

አሁኑኑ ሞክሩት። መጀመሪያ በሹክሹክታ «ሃ» በሉ፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ባዶ ትሆናላችሁ። ቀጥሎ በሙሉ ድምፅ፣ ጥርት አድርጋችሁ «ኦ» በሉ። ይገርማል፤ እየጮኻችሁ ከሹክሹክታው የበለጠ ትቆያላችሁ! ጉልበት የሚጠይቀው አየር መግፋቱ አይደለም፤ አየሩ ባንዴ እንዳይፈስ መያዙ ነው። የጎድን አጥንቶች ወዲያው እንዳይወድቁ ጡንቻዎቹ ከፍተው ይይዟቸዋል፤ አየሩ በልክ በልክ ይለቀቃል።

ቃሏ ራሷ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተቀረጸች ትመስላለች፤ እኛም የምንጠቀመው ያችኑ ቃል ስለሆነ በራሳችሁ አፍ ልትፈትኗት ትችላላችሁ። «ጎ» ስትሉ የምላሳችሁ ጀርባ መንገዱን ለአፍታ ይዘጋል፤ ግፊት ይጠራቀምና ይፈነዳል። «ኦ» ላይ አፍ ክፍት ነው፤ እስከፈለጋችሁ ድረስ ትሄዳለች። «ል» ላይ የምላስ ጫፍ ወደ ላይ ቢነካም ድምፁ በጎንና በጎን ያልፋል፤ ስለዚህ መጨረሻዋም ቀስ ብሎ ይከስማል እንጂ ድንገት አይቆረጥም።

አሁን የሚገርመው ጥያቄ፦ ትንፋሹን መቼ ነው የሚስበው? አስቡት፤ ከቅጣት ምት ክልል ጫፍ በኃይል የተመታች ኳስ መረብ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ አይፈጅባትም። ከጎሉ በኋላ ልተንፍስ ቢል ቅጽበቷ አመለጠችው። ስለዚህ መዘጋጀት ያለበት ጎሉ ከመሆኑ በፊት ነው! ይህን ካወቃችሁ በኋላ የስርጭቱን ቅጂ ስትሰሙ ሌላ ነገር ይገለጥላችኋል። ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ እያለች ጋዜጠኛው ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ያወራል፤ ስለ ተጫዋቹ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ አሠልጣኙ። ወደ ግቡ ስትጠጋ ዓረፍተ ነገሮቹ እያጠሩ ይመጣሉ፤ በመጨረሻ ስም ብቻ ይቀራል። ስም፣ ስም፣ ስም። በስሞቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ክፍተቶች ትንፋሽ ናቸው። ጎተራው እየሞላ ነው ማለት ነው! ያገባል ብሎ የገመተው ተጫዋች ቢስት ያ ሁሉ አየር ያለ ሥራ ይወጣል፤ ቢያገባ ግን ዝግጁ ነው። ስለዚህ ታላቅ አስተላላፊ ለመሆን ሳንባ ብቻ አይበቃም፤ ጨዋታውን ከማንበብ በቀር መንገድ የለም።

ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ሌላም የሚለወጥ ነገር አለ፤ የድምፁ ከፍታ። መሐል ሜዳ ላይ ዝቅ ያለ ነው፤ አደጋው እየቀረበ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ከፍታው ራሱ ወሬ ነው! ጀርባችሁን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታችሁ፣ ስፓኒሽ አንዲት ቃል ሳታውቁ፣ ኳሷ የት አካባቢ እንዳለች ከድምፁ ብቻ ታውቃላችሁ። እባካችሁ ይህን አንድ ቀን ሞክሩትና ንገሩኝ።

ይህን ሁሉ ይዘን አሁን ወደ 1994 እንምጣ፤ የዓለም ዋንጫ ወደ አሜሪካ ወደ መጣበት ዓመት። 24 ቡድኖች፣ 52 ጨዋታዎች፣ 141 ጎሎች። ስታዲየም የገባው ሕዝብ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 2022 በተካሄዱት የዓለም ዋንጫዎች ሁሉ ያልተደረሰበት ቁጥር ነው። ሊግ ለሌለው አገር! ጨዋታው በእንግሊዝኛም ይተላለፍ ነበር፤ ታዲያ ስፓኒሽ የማያውቁ ብዙ አሜሪካውያን ጣቢያውን እየቀየሩ ዩኒቪዥን ላይ ተቀመጡ። ካንቶርን ለመስማት! በአሜሪካ ከታወቁት የምሽት መዝናኛዎች አንዱ የሆነው የዴቪድ ሌተርማን ፕሮግራም ሳይቀር ጋበዘው።

ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ለምን ይህን መረጠ? ከላይ ያየነውን ካስታወሳችሁ መልሱ በእጃችሁ ነው። ለእግር ኳስ አዲስ የሆነ ተመልካች ትልቁ ችግሩ ቃላቱን አለማወቁ አይደለም፤ መቼ መደንገጥ እንዳለበት አለማወቁ ነው። ሃያ ሁለት ሰው ይሮጣል፤ የቱ ሩጫ አደገኛ ነው? የቱ ቅብብል ከንቱ ነው? የእንግሊዝኛው ስርጭት ምስሉ ይናገራል ብሎ ቃል ይቆጥባል። ካንቶር ግን ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጦ የራዲዮ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ማየት ለማይችል ሰው የተፈጠረውን ዘዴ ማየት ለሚችል ሰው አመጣለት። ድምፁ ሲወጣ ተመልካቹ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ድምፁ ሲወርድ ይቀመጣል። ጨዋታውን በጆሮው ተማረ! ዓይን እያለው የማያይ ሰው ነበር፤ ስደተኛው የማይታየውን አሳየው።

ሳን ማሪኖን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። የ1994ቱ ፍጻሜ ጁላይ 17 ቀን በሮዝ ቦውል ስታዲየም ነበር። ሮዝ ቦውል የሚገኘው ፓሳዴና ከተማ ውስጥ ነው። ፓሳዴናና ሳን ማሪኖ ደግሞ ድንበርተኛ ናቸው! ከቦነስ አይረስ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ በተማረበት ሰፈር አጠገብ፣ ከዘጠና ሺህ በላይ ሕዝብ በተቀመጠበት ሜዳ፣ ብራዚልና ጣሊያን ለዓለም ዋንጫ ተፋጠጡ። ፍጻሜው ለረጅሙ ጎል ባለቤት ቤቱ ድረስ መጣለት። እና ምን ሆነ? ዘጠና ደቂቃ ባዶ ለባዶ። ተጨማሪ ሠላሳ ደቂቃ፣ አሁንም ባዶ ለባዶ! ከዚያ በፊት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያለ ጎል አልቆ አያውቅም። ብራዚል በፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 2 አሸነፈች፤ የጣሊያኑ የሮቤርቶ ባጂዮ ምት ከአግዳሚው በላይ ወጣች።

ይህ ታሪክ ስለ ሙያው ትልቅ ነገር ያስተምራል። ያ ጩኸት በትእዛዝ አይመጣም። አስተላላፊው የፈለገውን ያህል ቢናፍቅ፣ ከሜዳው ካልመጣ አፉን ከፍቶ አያወጣውም፤ ያለ ጎል የሚጮህ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምነው አያገኝም። ጩኸቱ የሚከብረው በመቶ ሃያ ደቂቃ መታገሥ ነው።

በ2000 ካንቶር ወደ ቴሌሙንዶ ቴሌቪዥን ተዛወረ። በጎንም ከሽርካው ጋር ፉትቦል ዴ ፕሪሜራ የተባለ፣ በመላው አሜሪካ የሚሰማ የስፓኒሽ ራዲዮ ስርጭት አቋቁሟል፤ ዘዴው ከተወለደበት ከራዲዮ አልራቀም ማለት ነው። በ2010 የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ አሜሪካ ከአልጄሪያ ጋር ስትጫወት ማግባት ካልቻለች ልትወድቅ ነው፤ መደበኛው ሰዓት አልቆ በ91ኛው ደቂቃ ላንደን ዶኖቫን አገባ። የካንቶር የራዲዮ ጩኸት ከዚያች ጎል ጋር አብሮ ይታወሳል። ባደገባት፣ በተማረባትና ልጆች ባሳደገባት አገር ጎል ላይ የወጣ ድምፅ ነው፤ ስትሰሙት የእንግዳ ድምፅ አይደለም።

ድምፅ በራዲዮ ላይ ሲሰበር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ1986 ሜክሲኮ ላይ ዲዬጎ ማራዶና እንግሊዞችን እያለፈ ሄዶ ያገባትን ጎል ለአርጀንቲና ራዲዮ ያስተላለፈው ቪክቶር ሁጎ ሞራሌስ ነበር። እርሱም ስደተኛ ነው! በኡራጓይ ተወልዶ በ1981 ወደ ቦነስ አይረስ የተሻገረ። በዚያች ጎል ላይ ስርጭቱ ሳይቋረጥ ማልቀስ እንደሚፈልግ ተናግሮ አድማጩን ይቅርታ ጠየቀ። ዛሬ ያ ስርጭት እንደ ጎሏ ራሷ ይታወቃል።

አሁን ዲሴምበር 18 ቀን 2022 ላይ ደረስን። ኳታር፣ ሉሳይል ስታዲየም፣ አርጀንቲናና ፈረንሳይ። ካንቶር በቴሌሙንዶ ማይክሮፎን ላይ ነው፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶታል። በ1994 ፍጻሜ አንድም ጎል ያልነበረውን አስታውሱ፤ እዚህ ስድስት! ለአርጀንቲና ሜሲ፣ ዲ ማሪያ፣ ከዚያ ለፈረንሳይ በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ ኪሊያን ኤምባፔ ተከታትሎ፣ ደግሞ ሜሲ፣ ደግሞ ኤምባፔ። የሙያው ሕግ የታወቀ ነው፤ ጎል የማንም ይሁን የማን ጎል ነው፤ የተወለድክበት አገር ላይ ቢገባም መናገር ግዴታህ ነው። 3 ለ 3 አለቀ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ። ጎንዛሎ ሞንቲዬል የመጨረሻዋን መታ፤ ገባች። አርጀንቲና የዓለም ሻምፒዮን።

በዚያች ሰዓት የካንቶር ድምፅ ተሰበረ። አገሩ ሻምፒዮን መሆኗን እየደጋገመ፣ እያለቀሰ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ ተናገረ፤ ቅጂውም ወዲያው በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ለምን እንደተሰበረ አሁን ልትነግሩኝ ትችላላችሁ! ሰው ሲያለቅስ አካሉ ብዙ አየር ይፈልጋልና የጉሮሮውን በር ወለል አድርጎ ለመክፈት ይታገላል። መናገር ደግሞ ያንኑ በር ገጥሞ መያዝ ነው። ሁለቱ ትእዛዝ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ይጣላሉ፤ ሲቃ የምንለው፣ ጉሮሮ ላይ ኳስ የተቀረቀረ የሚመስለው ስሜትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል ይባላል። እነዚያን ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ አውታሮች ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ፈለገ ሲያዝዝ ለኖረው ሰው በዚያች ቅጽበት አልታዘዙለትም። እኔ ይህን ከማወቄ በፊትም ቅጂው ልቤን ነክቶት ነበር፤ ካወቅሁ በኋላ ግን ምን እየሰማሁ እንደሆነ ገባኝ፤ የሙያው መሣሪያና ሰውየው ሲታገሉ ነው የምሰማው።

የካንቶር ልጅ ኒኮ ካንቶርም ዛሬ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ እግር ኳስ የሚያቀርብ ጋዜጠኛ ነው። በሳኦ ፓውሎ ሁካታ ውስጥ የተወለደ ዘዴ ቦነስ አይረስ ደርሶ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ካሊፎርኒያ ገብቶ፣ የእግር ኳስ ሊግ ያልነበረውን አገር ጆሮ አስተማረ። ሰው አገር ሲቀይር የሚያውቀውን ሁሉ ጥሎ የአዲሱን አገር ወግ ብቻ መልበስ አለበት ለሚሉ ሁሉ የእኔ መልስ ይህ ሰው ነው፤ ካንቶር አሜሪካውያን የወደዱትን ነገር ያመጣው ከአገሩ ያመጣውን ስላልጣለ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለውን ጨዋታ ስታዩ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ለጥቂት ደቂቃ ዓይናችሁን ከምስሉ ላይ አንሡና ጆሮ ብቻ ስጡ። ዓረፍተ ነገሩ ሲያጥር፣ ስሞቹ ሲከታተሉ፣ በመካከላቸው ያችን ፈጣን ትንፋሽ ያዟት። ከያዛችኋት በኋላ ጎሉ ሲመጣ ከአስተላላፊው እኩል ታውቁታላችሁ፤ ያን ጊዜ እናንተም ለሌላ ሰው አስረዱ።